የጥያቄ አሥራ አራት መልስ

ሞላሌ፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስ። ደረትህን ያፈነህ ሳል ለቀቀህ ወይ? ስምንት ሆናችሁ በምታድሩባት ክፍል ማቀዝቀዣው ከራስጌህ ነው ብለኸኝ ነበርና፣ እባክህ አልጋህን አስቀይር። እኛ ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። ለጥምቀት ታቦት አጅባ በእግሯ ሄዳ በእግሯ ተመልሳለች። ባለቤትህና ልጆችህም መሐል ሜዳ ደህና ናቸው። ትልቁ ከክፍሉ ሦስተኛ ወጣ። ምነው ሁለተኛ አልወጣህም ብዬ ብጠይቀው በስፖርት ተበልጬ ነው አለኝ። ገብሱ ዘንድሮ ውርጭ ሳያገኘው ጎተራ ገብቷል።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ፣ ስንነጋገር እናታችን አጠገቤ ስለምትቀመጥ፣ አንተም ዘንድ የሰባት ሰው ጆሮ ስላለ ነው። ደብዳቤውን የምታደርስልህ የታች ሰፈሯ እታገኝ ናት። በኮንትራት ወደ ሪያድ እሑድ ትነሣለች። ስታነበው ብቻህን ሁን።

ነገሩን ያነሣው አንድ ጥናት ነው። ኅዳር ላይ ዓምደሚካኤል የሚባል አጥኚ ከአዲስ አበባ መጣ። ጥናቱ ልጆቻቸው ቤሩት ከሄዱባቸውና ሳውዲ ከሄዱባቸው ቤተሰቦች ማን የተሻለ ኑሮ ላይ ደረሰ የሚል ነው። የእኛን ቀበሌ የመረጠው ሁለቱ ሰፈሮች ወንዝ ለይቷቸው ፊት ለፊት ስለሚተያዩ፣ የላዩ ልጆች ቤሩት፣ የታቹ ልጆች ሳውዲ ስለሆኑ ነው። እንዲህ ተለይቶ ሌላ ቦታ አይገኝም አለ። እኛማ ለምደነው እንግዳ ነገር መሆኑን ረስተነዋል። የገብረየሱስ ልጅ ጽዮን መጀመሪያ ቤሩት ገባችና የላይ ሰፈርን ሴቶች አንድ በአንድ ሳበቻቸው። ከታች ሰፈር መጀመሪያ የወጣው ደግሞ በጅቡቲ ዞሮ ባሕር ተሻገረ፣ ሌሎቹም ዱካውን ተከተሉ። ዛሬ ተማሪዎቼ ኳስ ሲጫወቱ እንኳ «ቤሩት» እና «ሪያድ» ተባብለው ነው የሚከፈሉት። ቄሰ ገበዙ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣራ የተሰጠውን ሲያስነግሩ፣ «ከቤሩት ሃያ ቆርቆሮ፣ ከሪያድ ሃያ ሁለት» ይሉና ወደ ላይ ሰፈር ሰዎች ዞር ብለው ይመለከታሉ። በሚቀጥለው እሑድ ሦስት ቆርቆሮ ከላይ ይወርዳል።

ከላይ ሰፈር ተወልዶ በታች ሰፈር መንገድ የሄደ አንተ ብቻ ነህ። እህታችን ጽናት ቤሩት፣ አንተ ሪያድ። ስለዚህ በጥናቱ ስልሳ አንድ ቤት አዳርሰን ስልሳ ሁለት ቅጽ ሞላን። የእኛ ቤት ሁለት ቅጽ አስፈለገው።

እኔ አስተባባሪ ነበርኩ፣ ቅጹን ያስሞሉት አራት መምህራን ናቸው። የአንተም ላብ አለበትና ያየነውን በአጭሩ ልንገርህ። ቤሩቶች የላኩት ትንሽ ትንሽ ነው፣ ግን በየወሩ፣ ስምንትና ዐሥር ዓመት ሳያቋርጡ። ከላይ ሰፈር የሣር ክዳን የጠፋው በእነሱ ነው። በሬ አስገዙ፣ ታናናሾቻቸውን አስተማሩ። እኔን ኮሌጅ ማን እንዳስተማረኝ ታውቃለህ። ከ2012 ወዲህ ግን የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ሁሉም ባለበት ቆመ። ግማሹ ቤት ጣራው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ሳይመረግ የቀረ ነው። ከሳውዲዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የመጣ ነገር የለም። እንዲያውም የመን ላይ የታገተ ልጅ ለማስለቀቅ ከቤት በሬ የወጣባቸው አሥራ አንድ ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጣው በአንድ ጊዜና ብዙ ነው፦ ወፍጮ፣ ባጃጅ፣ ሞላሌ ላይ ሱቅ። ከሠላሳ አንዱ ቤት በአሥራ ዘጠኙ ደግሞ ተይዞ የተመለሰ ሰው አለ።

ጋሽ ጫኔን አስታውሰው። ልጁ ባለፈው ዓመት ተጠርዞ መጣ። ቅጽ አስሞዩ «ልጅዎ ሲመለስ ምን ይዞ ገባ?» ቢለው «ፌስታል» አለ። «ውስጡ ምን ነበር?» ቢለው «ሌላ ፌስታል» አለ። ልጁ ከጓሮ ሆኖ «አባዬ ጫማዬንም አስጽፍልኝ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ስንት በግ እንዳለው ግን ማንም አልነገረንም። መንዝ ውስጥ በጉን ቆጥሮ የሚናገር ሰው እናገኛለን ብለው ከሆነ ተሳስተዋል። «እግዜር ያውቀዋል» የሚለውን መልስ ስልሳ ጊዜ ጻፍነው። ዓምደሚካኤል ቅር ብሎት «እግዜር ለሚለው ምን ኮድ እንስጠው?» ሲል ዋለ።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልምጣ።

በ2017 ጥቅምት፣ ቤሩት በቦምብ ስትናወጥ፣ ጽዮን ደውላ የነገረችንን እኛም እናውቃለን፣ መንደሩም ያውቃል። የጽናት አሠሪዎች ቆልፈውባት ወደ ተራራው እንደሸሹ፣ ከዚያ የሆነውንም ደግሜ አልጽፈውም። አንተ «እኔ ሳልመጣ እናቴን እንዳታረዷት። መርዶውን ስትሰማ አጠገቧ ልሁን» ብለህ ቃል አስገባኸኝ። ገባሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ።

ስለ ራሴ አልነገርኩህም ነበር፣ አሁን ልንገርህ። ጎረቤቱ ሁሉ እንዳይነግራት በቄሰ ገበዙ ፊት ምሏል፣ እኔ ግን መሐላውን አላምነውም። ለቅሶ በተሰማ ቁጥር ከእናታችን ጎን አልለይም። አንዲት አልቃሽ ሙታኑን ስትቆጥር የጽናትን ስም እንዳትጠራ ዓይን ዓይኗን አያለሁ። አርባና ሰማንያ በተጠራን ጊዜም እንዲሁ ነው። ወደ ደብረ ብርሃን ዝውውር ሁለት ጊዜ ደረሰኝ፣ ሁለቱንም ጊዜ መለስኩት። እዚህ ካልቆምኩ ማን ይጠብቃታል? ምስክርን ላገባት ሽማግሌ እልካለሁ ካልኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። መርዶ ደብቄ ሠርግ እንዴት እደግሳለሁ? እሷም «እስከ መቼ?» ብላ መጠየቅ ትታለች። በየወሩ ከደመወዜ ቀንሼ «ጽናት ልካልሻለች። አሠሪዎቿ ስልኳን ስለወሰዱባት ነው የማትደውለው» እያልኩ ለእናታችን እሰጣታለሁ። አንተ ደግሞ ባለፈው «ከፋሲካ በኋላ እጄን ለፖሊስ እሰጥና ይጠርዙኛል፣ እስከዚያ ጠብቀኝ» አልከኝ። ያለ ወረቀት የኖርክበትን ሰባት ዓመት፣ የልጆችህንም ትምህርት በአንድ ቀን ጥለህ ማለት ነው። አንዴ ከወጣህ ወደዚያ የሚመልስህ ያው የየመን መንገድ ብቻ ነው።

የራስን ቤት ራስ ማስሞላት ስለማይፈቀድ፣ የእናታችንን ቅጽ ለማስሞላት ትሕትናን ላክኋት። ትሕትና አዲስ አበባ ያደገች፣ መስከረም ላይ የተመደበችልን ወጣት መምህርት ናት። ስለ ቤታችን የምታውቀው ነገር የለም፣ መሐላውም አልደረሳትም። ይህን ማሰብ ነበረብኝ፣ አላሰብኩም።

ተመልሳ ቅጹን ስትሰጠኝ ፊቷ በርቶ ነበር። «መምህር፣ እናትዎን እንዴት ወደድኳቸው መሰለዎት! በሶ በጥብጠው ካልጠጣሽ አልመልስልሽም አሉኝ» አለችኝ። ቅጹን ገለጥኩት። ጥያቄ አሥራ አራት «ውጭ ያለው የቤተሰብ አባል አሁን ያለበት ሁኔታ» ይላል። የሚመረጡት መልሶች በሥራ ላይ፣ ሥራ የፈታ፣ ተመላሽ፣ አድራሻው የማይታወቅ ናቸው። በአንተ ቅጽ «በሥራ ላይ» ተከብቧል። በጽናት ቅጽ «ሥራ የፈታ» ተከብቦ፣ ከጎኑ በትሕትና እጅ ጽሑፍ «በዕረፍት ላይ ናት» የሚል ተጨምሯል።

ምን ብላ እንደመለሰችላት ጠየቅኋት። ትሕትና እንደነገረችኝ እንዲህ ነው። «ልጅዎ አሁን በምን ሁኔታ ላይ ናት?» ብላ ጠየቀቻት። እናታችን «አርፋለች» አለቻት። ትሕትና ጻፈችና «እስከ መቼ ነው የምታርፈው?» አለቻት። እናታችን አየቻትና «አንቺ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አለቻት። ትሕትና የአባቷን ስም ነገረቻት። «እግዜር ያሳድግሽ። በይ በሶሽን ጠጪ» አለቻት።

«ዕረፍት ላይ ናት ማለታቸው ነው አይደል፣ መምህር? ለዚህ ኮድ ስለሌለ ነው ሥራ ፈት ያልኳት። ተሳሳትኩ እንዴ?» አለችኝ። አልተሳሳትሽም አልኳት።

የእናታችንን አነጋገር አንተም ታውቀዋለህ። ደክሞት ጋደም ያለውን «ጎኑን አሳረፈ» ትላለች፣ ሥራ የሌለውን «ተቀምጧል» ትላለች። ያችን ቃል ብቻዋን ለማን እንደምትላት አልነግርህም።

ከዚያ በኋላ ነው ያለፈውን ማስታወስ የጀመርኩት። ገንዘቡን ስሰጣት ድሮ «እግዜር ይስጣት» ትል ነበር። ካለፈው ክረምት ጀምሮ የምትለው «እግዜር ይስጣችሁ» ነው። በየወሩ ሰምቼዋለሁ፣ ግን አላዳመጥኩትም ነበር። ማን እንደነገራት አላውቅም። የነገራት ሰው ላይኖርም ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። የቅጹ የመጨረሻ ጥያቄ በሁለቱም መንገድ ልጅ ላለው ቤት ብቻ የሚቀርብ ነው፣ እሱም የእኛ ቤት ብቻ ነው። «ከቤሩትና ከሳውዲ የቱ ይሻላል ይላሉ?» ይላል። ዓምደሚካኤል ለዚህች መልስ በጣም ጓጉቶ ነበር። ጣራችን የጽናት ነው፣ በሬዎቹ የጽናት ናቸው፣ እኔም የጽናት ነኝ። ከአንተ የመጣው ደግሞ የልጆችህ ትምህርትና የእናታችን መድኃኒት ነው። ትሕትና ቃል በቃል የጻፈችው መልስ እንዲህ ይላል፦ «የሳውዲው ይሻላል። የእሱ ድምፅ ይመጣል።» አጥኚው አንብቦት «ይሄ ኢኮኖሚያዊ መልስ አይደለም» አለና ምልክት አድርጎ አለፈው።

ቅጾቹ ዓርብ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። የትሕትናን ጽሑፍ አላረምኩም። በጥናቱ ዝርዝር ጽናት ሥራ የፈታች፣ በዕረፍት ላይ ያለች ሆና ትገባለች።

ይህን ደብዳቤ ልጽፍልህ ስነሣ ሐሳቤ ልለምንህ ነበር። ወይ ፋሲካን ሳትጠብቅ ና፣ ወይ ቃሌን መልስልኝና እኔው በማለዳ ሽማግሌ ይዤ ገብቼ ላርዳት ልልህ ነበር። አሁን ሁለቱንም አልልህም። ዛሬ ጠዋት ወረቀት ይዤ ስወጣ እናታችን ከደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ የበግ ፀጉር ትፈትል ነበር። ለማን ነው የምትጽፈው አለችኝ፣ ለአንተ እንደሆነ ነገርኳት። «ሰላም በልልኝ» አለችና ፈትሏን ቀጠለች። ቆየት ብላ፣ ቀና ሳትል፣ «አይምጣ በለው። ልጆቹን ያስተምር። እኔ ምንም የሰማሁት ነገር የለም በለው» አለችኝ።

ያልሰማሽው ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኳትም። እንዳለችው ጻፍኩልህ።

በሰው አገር አምላክ ይጠብቅህ። ከበሽታም ከመያዝም ይሰውርህ፣ የምትሠራበትን እጅህን ያበርታልህ። ይህ ከደረሰህ በኋላ እሑድ ስትደውል እንደ ወትሮው «ጽናትስ ደህና ናት?» ብለህ ጠይቀኝ። እኔም እንደ ወትሮው «ደህና ናት» እልሃለሁ። እናታችን አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማናለች።

ታናሽ ወንድምህ