ሰሙን ብቻ አይዩ

ኅዳር 3 ቀን 1932
ጅጋ ገበያ ዋልኩ። የማር ነጋዴው ዑስማን ከቡሬ መጥቷል። ለፊቴ ቅባት የሚሆን ሰም ብጠይቀው ከጆንያው ሥር ቡጢ የሚያህል አወጣና ሰጠኝ። ዋጋም አልቀበልም አለ። አንድ የጣሊያን ባንዳ አጠገባችን ቆሞ ያያል።

"የቅኔ መምህር ልጅ አይደሉ፣ እትዬ እህተ? ሰሙን ብቻ አይዩ" አለኝ ዑስማን።

በሰው ፊት እንዲህ ይባላል? ቅባት አያድንሽም፣ አርጅተሻል ማለቱ ነው... ሳልሰናበተው ሄድኩ።

ኅዳር 4
ሰሙን በቢላ ፈቅፍቄ አቀለጥኩ። ለጋ ቅቤ፣ ትንሽ ነጭ ማር። እህቴ አደይ አየችኝ። "ደግሞ ለማን ነው?"

ለማን ይሆናል? ላቀው ጫካ ከገባ ሦስት ዓመቱ። ያኔ ፊቴ እንዲህ አልተጨማደደም ነበር። ባሌ ሲመለስ "ይቺ አሮጊት ማናት?" እንዳይል እፈራለሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ኅዳር 7
ለውጥ የለም። የወደደኝ ዝንብ ብቻ ነው። ስቀመጥ ያቁነጠንጠኛል፣ ስነሳ መሄጃ የለኝም። ከመስቀል ወዲህ የላቀው ወሬ ጠፍቷል። በሕይወት ይኖር ይሆን?

ኅዳር 9
ዛሬም ተቀባሁ። መስተዋቱን ስንቴ አነሳሁት... አደይ ደበቀችብኝ።

ኅዳር 11
የቀረውን ሰም በሙሉ ድስት ውስጥ ጣልኩት። ሲቀልጥ ጨርቅ ብቅ አለ። በጨርቁ ውስጥ ወረቀት። የላቀው ጽሕፈት!

"እህተ፣ ያደርንበትን ጎጆ ጣሊያን ሲያቃጥለው ፊቴ ተቃጠለ። አንድ ዓይኔ የለም። ልታይኝ ከቻልሽ እስከ ኅዳር አሥር ማንኩሳ፣ አባ ክንዱ ቤት ነኝ። ካልመጣሽ አልቀየምሽም። ወደ ቆላ እወርዳለሁ።"

አሥር ትናንት ነበር።

የቅኔ መምህር ልጅ! ዑስማን ሰምና ወርቁን ነገረኝ፤ እኔ ሰሙን ፊቴ ላይ ስለቀልቅ ሰነበትኩ። ቀረች ብሎ ሄዶ ይሆናል... ፊቴን ጠላችው ብሎ። ምን አስቀምጦ ያጽፈኛል? ልሂድ።

ኅዳር 13፣ ማንኩሳ
ትናንት ደረስኩ። እግሬ አብጧል። አባ ክንዱ ደጅ ላይ ተቀበሉኝ። እኒህ ሽማግሌ ናቸው የደበቁት።

"በአሥር እሄዳለሁ ብሎ ነበር። በማግስቱ በቅሎዋ አነከሰች አለ። ዛሬ ደግሞ በሚካኤል መንገድ አይወጣም አለ። በቅሎዋስ ደህና ነች፣ ልጄ።"

ገባሁ። ጋቢውን እስከ ራሱ ስቦ ተከናነበ።

"አትይኝ፣ እህተ።"

"ሰሙን ብቻ አይዩ ተብዬ ነው የመጣሁት" አልኩት።

ሳቀ። ጋቢውን ገለጥኩት። ጋቢውን ገለጥኩት። ደነገጥኩ፣ አልዋሽም። አለቀስኩም። ግን ላቀው ነው... ሳቁ ያው የድሮው ነው።

የቅባቱን ብልቃጥ ይዤ መጥቻለሁ። ከንፈሩን፣ ጉንጩን፣ የተኮማተረውን አንገቱን በቀስታ ቀባሁለት። ብልቃጡ ባዶ ቀረ። ለእኔ አልተረፈም፤ ትዝም አላለኝ።