እህቴ ያላሉት መዘውር

ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ዘመንፈስቅዱስ ከአባታቸው ከአቶ ዘመንፈስቅዱስ ገብሬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጤቤ ደምሴ በ1946 ዓ.ም. በጎባ ከተማ ተወለዱ። እዚያው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ፤ ከዚያ በላይ የሚያስተምራቸው ሰው እንደሌለ ወስነው አቆሙ። በ1967 ዓ.ም. የሮቤውን ጸሐፊ አቶ ፊሊጶስን አግብተው ሚኪያስንና ኢየሩስን ወለዱ። ለአቶ ፊሊጶስ ትዕግሥት ሁላችንም ምስክር ነን።

በ1976 ዓ.ም. ከታናሽ እህታቸው ከእኔ ከእታለማሁ ጋር በአንድ የሱፍ መፍተያ ቤት ተቀጥረው በእግር የሚረገጠውን መዘውር ለመዱ። ቤቱ ሲዘጋ አንድ መዘውር ለሁለት ይዘን ወጣን። ጣጣው የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ክሩ በሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ ላይ የምታልፍ ሲባጎ አለች። ስትጠብቅ ክሩን ቶሎ ትስባለች፤ ወፈር ያለ፣ ለስላሳ፣ የሚሞቅ ክር ይወጣል። ጤነኛ ሰው የሚመርጠው ይህን ነው። ስትላላ ግን ክሩ እጅ ላይ ቆይቶ እየከረረ ይቀጥናል። ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ዕድሜ ልካቸውን ሲያላሉ ኖሩ። የእኔን ክር "የታመመች በግ ጭራ" ይሉት ነበር። የእሳቸው ሽቦ ነበር፤ እግዜር ያሳያችሁ!

ጠዋት እሳቸው ያላላሉ፣ ከሰዓት እኔ አጠብቃለሁ። የሁለታችን ክር ተቀላቅሎ ለኢየሩስ ሠርግ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ባና ተሠራበት። ታጥቦ ሲወጣ ተጨማደደ። ሸማኔው አቶ አሊዪ "ወላሂ፣ ይህን የፈተሉት እህትማማቾች ናቸው ወይስ ጣውንቶች?" አሉ። እህቴ ግን ጥፋቱን ለእኔ ሰጡኝ።

ባለፈው ክረምት ታመው አልጋ ያዙ። ከሮቤ ገበያ ያመጣችሁላቸውን የናይለን ብርድ ልብስ ሁሉ በእግራቸው ገፉት፤ በዚህስ አልፈርድባቸውም። በራሳቸው ክር የተሠራ ባና አሰኛቸው። እጃቸው አልታዘዝ ስላላቸው እኔ ተቀመጥኩ። ከአልጋቸው ሆነው "ጠብቋል፤ አላልተሽ ፍተዪ" እያሉ አዘዙኝ። ጥርሴን ነክሼ አላላሁ። ባናው ከአቶ አሊዪ የደረሰው ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሰዓት ነው። እህቴ የዚያን ዕለት ጠዋት ዐርፈዋል።

አሁን አስከሬናቸውን የሸፈነው እርሱ ነው። ቀርባችሁ ዳስሱት፤ ይኮሰኩሳል።

ከኋላቸው አቶ ፊሊጶስ፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና አንዲት እህት ቀርተናል። ዛሬ ጠዋት ሲባጎዋን ላጠብቃት ተቀምጬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ከእንግዲህ ከማን ጋር ልጣላ?

አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ ደጋጎቹንም ያስችላቸው።