ስላልተከፈተው የኦክስጅን ቫልቭ

ለምርምር ተቋሙ ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ቀን፦ መጋቢት 9

ጉዳዩ፦ ከላብራቶሪ ተነስቼ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንድዛወር የተሰጠው ውሳኔ እንዲታገድልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ዳይሬክተር፣

1. በተቋሙ ላብራቶሪ በቴክኒሻንነት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግያለሁ። ሥራችን ደቃቅ የብር ቅንጣቶችን ታይታኒየም ኦክሳይድ በተባለ ሴሚኮንዳክተር ገጽ ላይ አስፍሮ ባሉበት ማጽናት ነው። አንዷ ቅንጣት አሥር አተም አትሞላም፤ የምትጠቅመውም ትንሽ ሆና እስከቆየች ድረስ ነው። ገጹ ሲሞቅ ግን ቅንጣቶቹ እየተንሸራተቱ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። በማግስቱ በማይክሮስኮፕ የምናገኘው ጥቂት ትልልቅ ጉብታዎችን ብቻ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ጉብታ ስንቆጥር ኖረናል።

2. የምርምሩ ኃላፊ የታናሽ እህቴ ባል ነው። ወረንጦ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ያልነኩት ናሙና እኮ አይሆንልኝም» ሲለኝ ደስ ይለኝ እንደነበር አልክድም።

3. ባለፈው ዓመት እህቴ ምጥ ይዟት እሱ ሆስፒታል ሳለ የዕለቱን ናሙና ብቻዬን አዘጋጀሁ። ብሩ ከማረፉ በፊት ገጹ እንከን እንዳይኖረው ኦክስጅን እየገባለት ምድጃ ውስጥ ይሞቃል። እኔ «ወለደች ወይ?» እያልኩ ከስልክ ስመላለስ፣ ቫልቩ ሳይከፈት አርባ ደቂቃ አለፈ። ስህተቱ የእኔ ነው። በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ግን «ኦክስጅን ተከፍቷል» በሚለው ሳጥን የራይት ምልክት አለ፤ በክፍላችን ሁሉም ሰው ጠዋት እንደገባ ቅጹን ከላይ እስከ ታች ራይት አድርጎ ነው ሥራ የሚጀምረው። ይህም ጥፋት ነው፤ የጋራችን ነው።

4. በማግስቱ ቅንጣቶቹ ንቅንቅ አላሉም። ኦክስጅን የተነፈገው ገጽ ከራሱ ጥቂት የኦክስጅን አተሞች ለቅቆ ኖሯል፤ ብሩም በባዶ ቦታዎቹ ላይ ቁጭ ብሏል። ለካ እንከን የሌለው ገጽ መያዣ የለውም። ሆን ብዬ ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ በግል ደብተሬም ጻፍኩት። ለእህቴ ባል ልነግረው ስሄድ «ጋሼ፣ ቸኩያለሁ፣ ነገ» አለኝ። ነገ አምስት ሳምንት ፈጀ። በስድስተኛው ሳምንት ግኝቱ በመጽሔት ታትሞ አየሁት። ፎቶዎቹ የእኔ ናሙናዎች ናቸው፤ የአሠራሩ ዝርዝር «ኦክስጅን ተከፍቷል» የሚለው ሳይቀር ከቅጹ ተገልብጧል፤ ከስድስቱ ጸሐፊዎች መካከል እኔ የለሁም።

5. ሁለት ሌሎች ላብራቶሪዎች እንደተጻፈው ሠርተው ብሩ ተንሸራተተባቸው። እሱም ሞክሮ አልሆነለትም። ያን ጊዜ ሊጠይቀኝ ሲችል፣ «ቴክኒሻኑ ናሙና አበላሽቷል» ብሎ ጻፈብኝ። ምድጃው አጠገብ እንዳልደርስ ታገድኩ፤ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንድዛወርም ተወሰነብኝ። የመጀመሪያው አቤቱታዬ አስተያየት እንዲሰጥበት ለራሱ ለተከሳሹ ተመርቶ፣ «መሠረተ ቢስ ነው» ተብሎ በሁለት ቀን ተመለሰ፤ በተቋማችን እንዲህ ፈጥኖ የተመለሰ ደብዳቤ አላስታውስም። እህቴ «ወንድምዓለም፣ ተወው፤ ልጆች አሉት እኮ» አለችኝ። ልጆቹን አውቃቸዋለሁ፤ አጎታቸው ነኝ። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ እነሱ ቤት አልሄድም።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ) ዝውውሩ ታግዶ፣ በኮሚቴ ፊት ቫልቩን ዘግቼ ናሙናውን እንድሠራ ይፈቀድልኝ። ቅንጣቶቹ ከተንሸራተቱ ወደ ግምጃ ቤቱ በራሴ እግር እሄዳለሁ።

ለ) ይህ ማመልከቻ ለእሱ ከመመራቱ በፊት፣ ናሙናው በተሠራበት ቀን ቫልቩ ክፍት ነበር ወይስ ዝግ ተብሎ እሱ ይጠየቅልኝ። መልሱ የሚገኝበትን የደብተሬን ቅጂ አራት ገጽ አያይዣለሁ።

ሐ) በታተመው ጽሑፍ መጨረሻ «ክፍሉን በንጽሕና ስለያዙልን» ተብዬ በስሜ ተመስግኛለሁ። ክፍሉን ለአሥራ አንድ ዓመት የምታጸዳው ሌላ ሠራተኛ ናት። ነገሩን ስነግራት «እኔ ወገቤ እስኪቆረጥ የወለወልኩትን አንተ ተመሰገንክበት?» ብላ ይኸው ሳምንት ሆናት፣ ሰላም አትለኝም። ምስጋናው ወደ እሷ እንዲዛወር እጠይቃለሁ፤ የሰው ሥራ በስሜ ይዤ መገኘት አልፈልግም።

ከማይጓደል አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የላብራቶሪው ቴክኒሻን