የሕዝቅያስ ሁለት ጥርሶች

አትላንታ፣ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ስልኬን ለማያነሱት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ እምቢ ስላሉኝ በወረቀት መጣሁ። ይህን ደብዳቤ ይዛልዎት የመጣችው የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ የሺእመቤት ናት፤ ሻይ ሳያጠጡ እንዳይሸኟት። መቼም በኩርፊያ ውድድር ቢኖር አሰላ ውስጥ የሚቀድምዎት አይገኝም።

የልጅ ልጅዎ ሕዝቅያስ ስምንት ወር ሞላው። ጥርስ ሊያወጣ ቤቱን አመሰው። የሶፋውን ጠርዝ፣ ሪሞቱን፣ የአባቱን የባጅ ገመድ፣ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። አባቱ አክሊሉ ኢስት ፖይንት ሻትል አውቶቡሱን ሊነዳ ሲወጣ ዩኒፎርሙ ትከሻው ላይ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ተሳፋሪዎቹ ዝናብ የመታው ሳይመስላቸው አይቀርም።

ባለፈው ወር ሲያተኩሰው ለእርስዎ ነገርኩ። እርስዎም «ድዱ ውስጥ ያለው ግግ ነው የሚያተኩሰው፤ ድዱን አስበስተሽ አስወጪለት። እዚያም ቢሆን የምታወጣ ሴት አትጠፋም» አሉኝ። እኔም ጮኼ «እንድርያስን የገደለው ምን ሆነና!» አልኩ። ስልኩን ዘጉት። የወንድሜ ስም በቤታችን ሲጠራ ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ትኩሳቱን ሐኪሟ ጉንፋን ነው አለች፤ በሦስት ቀን ለቀቀው። ድዱን ማንም እንዳይነካ እኔ ዘብ ቆሜያለሁ፣ በዚህ ነገር ከእርስዎም ጋር ቢሆን አልደራደርም።

አሁን ወደ ቅዳሜ ልምጣ። የአሥር ሺህ ሜትር ሩጫ ሲኖር እርስዎ አሰላ፣ እኔ እዚህ፣ ስልክ ከፍተን አብረን ነው የምናየው። የእኔ ቴሌቪዥን በኢንተርኔት ስለሆነ ግማሽ ደቂቃ ይዘገያል። እርስዎ ሁልጊዜ ቀድመው ይጮኻሉ፣ እኔም «አባዬ፣ አይናገሩብኝ!» እያልኩ እቆጣለሁ። ቅዳሜ ግን የሚናገርብኝ አልነበረም። እንዲህ ያለ የሚያስጠላ ሩጫ አይቼ አላውቅም።

የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል የኢትዮጵያዋ ልጃችን ሦስተኛ ነበረች። ሕዝቅያስን ታቅፌ ብድግ አልኩና እርስዎ የስፖርት ተማሪዎችዎን ሜዳ ላይ እንደሚያሯሯጡት «ትከሻሽን ልቀቂ! አሁን ውጪ!» እያልኩ መጮኽ ጀመርኩ።

«ልዕልት፣ ካልም ዳውን አድርጊ እንጂ፣ ልጁ ፍሪክ አውት ያደርጋል፣ ይደነግጣል!» አለኝ አክሊሉ።

ልጁማ ምን በወጣው! ትከሻዬን ነከሰኝ። ስለታም ነገር ተሰማኝ። ዘወር ብዬ አፉን ልከፍት ስል ስልኬ አንዴ ጮኾ ተዘጋ። ቁጥሩ የእርስዎ ነው። እኛ ስክሪን ላይ ገና ሁለት መቶ ሜትር ይቀራል። እኔ ግን ማሸነፋችንን አወቅኩ። እሷ መስመሩን ሳታልፍ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅኩ። አክሊሉ ንክሻው ያስለቀሰኝ መስሎት በረዶ ይዞ መጣ። መልሼ ስደውልልዎ አላነሱም። እጄ ስቶ ነው እንዳይሉኝ፤ አላምንዎትም።

አባዬ፣ ያንን ቃል በቁጣ ስለወረወርኩብዎ ይቅር ይበሉኝ። ቃሉ ግን እውነት ነውና አላነሳውም። ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረጉት፤ ልጅዎን ሊያድኑ እንጂ ሊጎዱ አልነበረም። ደሙ አልቆም ሲል እንድርያስን በነጠላ አቅፈው ወደ ጤና ጣቢያው ሲሮጡ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ያኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ሯጭ አይቻለሁ፣ እንደዚያ የሮጠ ሰው ግን አላየሁም። ሩጫ ባየሁ ቁጥር የማለቅሰው ለሜዳሊያው ይመስለኝ ነበር። ለካ በየዙሩ «ይድረስ፣ አንዴ እንኳ ይድረስ» እያልኩ ነው።

አልፈርድብዎትም። ፈርጄብዎትም አላውቅም። ይህን በስልክ ነግሬዎት ስለማላውቅ ጻፍኩት።

አክሊሉ ጉልበትዎን ይስማል። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ምርቃትዎ ከእኔም ከልጄም አይራቅ።

የሚናፍቅዎት ልጅዎ
ልዕልት

ይህን አጣጥፌ ሳልጨርስ ሕዝቅያስ ነጥቆኝ ጥጉን ነከሰው። ሌላ ወረቀት ላይ ልገለብጠው አልኩና ተውኩት። ከታች በቀኝ በኩል ሁለት ትንንሽ ጎድጓዳ ምልክቶች አሉ፤ መነጽር ባያገኙ በጣትዎ ይዳስሷቸው። ጥርሶቹ ማንም ሳይነካቸው በራሳቸው ወጡ፣ አባዬ። አንዲት ጠብታ ደም አልፈሰሰም።