በቁሙ የተለቀሰለት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ከቀኑ 8 ሰዓት

አሁንም ያው ነው። ሰሌዳው ላይ ግጥም፤ ተማሪው ስንኝ ይቆጥራል። ቤት መታ፣ አልመታ። እንደ ሒሳብ። ደባርቅ ጭጋግ ውስጥ ናት። ድምፄ ራሴንም ሰልችቶኛል።

መጽሐፉን አጠፍኩና ስለ አልቃሾች አወራኋቸው። ለቅሶ ቤት ቆማ በሁለት ስንኝ ሟቹን ከነአካሄዱ ስለምታመጣ ሴት። እንደሷ አድርጋችሁ ለናፈቃችሁት ሰው ጻፉ አልኩ። የኋላ ወንበሩ ቀልደኛ፣ «መምህር፣ ለፈተና ይመጣል?» ሳቅ። ትርንጎ አልሳቀችም። ከመስከረም ጀምሮ ክፍል ውስጥ ቃል ተናግራ አታውቅም። ዛሬ ቀድማ መጻፍ ጀመረች። ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ትርንጎ ቀረች። የሆነውን የነገረችኝ ጎረቤቷ ናት። ትርንጎ ጓሮ ሆና ግጥሟን በለቅሶ ዜማ ትለማመዳለች፦

ሊማሊሞ ዳገት ጭጋግ የሚውጠው፣
ወንድሜን አበጀን ወዴት አስቀመጠው?

አበጀ ታላቅ ወንድሟ፤ የጭነት መኪና ረዳት። ወደ አዲ አርቃይ ከወረደ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። እናቷ ወ/ሮ ደብሬ ከቤት ሆነው ዜማውን ሰሙ፤ ስሙን ሰሙ። መርዶ መሰላቸው። ነጠላ አገልድመው እየጮኹ ወጡ። ሰፈሩ ተሰበሰበ። ነገሩ ሲገለጥ ባሰ። በቁሙ ላለ ሰው ሙሾ! ሟርት ነው። ከት/ቤት ቅሪ ተብላለች።

ስሚኝ አንቺ ማስታወሻ፤ ዜማውን የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። አመሻሽ

ሄድኩ። ወ/ሮ ደብሬ ደጃፉ ላይ አቆሙኝ። «ምነው መምህር? ልጄን በቁሙ ቀበራችሁት እኮ!» ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። ወረቀቱን ትቅደድና ትመለስ አሉ።

ትርንጎ ከውስጥ፦ «አልቀድም! ከጠፋ ወዲህ እዚህ ቤት ስሙን የሚጠራ አለ? የጠራሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

ወ/ሮ ደብሬ መቃኑን ይዘው ቆሙ። የምሄድበት ጠፋኝ። በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው፦ «እንግዲያስ ጥሪው። አታልቅሽው እንጂ።» ከዚያ ወደኔ፦ «ይግቡ እንጂ መምህር፣ ብርድ ነው።»

ሰኞ፣ ኅዳር 15

መጣች። ቆማ አነበበች፤ ያለ ዜማ፦

እናትህ ተቆጣች፣ ስልክ አንሳ ብላለች፤
ጎመኑ ሳይበርድህ ና ግባ ትላለች።

ቀልደኛው፦ «ይሄ ሚስኮል ነው እንጂ ግጥም ነው?» ክፍሉ ሳቀ። እሷም። ሁለተኛውን ስንኝ ያወጡት እናቷ ናቸው፤ ቅዳሜን ሲከራከሩበት ዋሉ አሉ። አበጀ አልደወለም።

ማርክ ልሰጥ ብዕር አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ወስኛለሁ፦ ከእንግዲህ የመጀመሪያው ሰሚ እኔ አልሆንም። የተማሪው ግጥም መጀመሪያ ቤቱ ይነበብ። ወላጆች ይቆጡ፣ ይጨምሩበት፣ ይከልክሉ። ወደኔ የተረፈው ይምጣ። ምንም ባይተርፍ እንኳ፣ የናፈቁት ሰው ስም ቤት ውስጥ ተጠርቷል።