የጅራቷ እሾሆች

ለውድ ታላቅ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ሰሞኑን ከባሕር የተገኘች፣ ገና ስም ያልወጣላት፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ባለ ቅርፊት ፍጡር በማይክሮስኮፕ እያየሁ እስላለሁ። ሰባት ጥንድ እግሮቿን ጨርሼ የጅራቷን ጠርዝ ልሙጥ አድርጌ ሳልኩት። ባልደረባዬ አይታው፣ «እሾሆቹስ?» አለችኝ። ደግሜ ባይ የሉም። ሌንሱን ሳትነካካው አትቀርም፤ መብራቱንም ቀንሳዋለች። ስጠይቃት፣ «ኧረ እኔ አልነካሁም፣ እህቴ» ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። መለሳለሷ ይበልጥ አስጠረጠረኝ። ዛሬ ክፍሉን ቆልፌ ብቻዬን ሠራሁ፤ ሌንሱ ግን ዛሬም ጭጋግ ለብሷል።

ለመሆኑ አባባ ልብስ ሲሰፋ «መርፌዬ ላይ ክር አስገቡልኝ» ማለት የጀመረው በስንት ዓመቱ ነበር? እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው፤ እማማ ጋ እንዳታነሳው።

መልስህን ጎላ ባለ ፊደል ጻፍልኝ። በደህና ያገናኘን።

ታናሽ እህትህ