በዝምታዋ ስለተሸለመችው ወሬኛ ልጄ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፦

ክቡርነትዎ ከነባልደረቦችዎ፣ ከነመድረክዎና ከነአዲሱ ድምፅ ማጉያዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባለፈው ዓርብ በእንግዶች ፊት ደም ግፊትዎ ተነሥቶብዎት እንደነበር ስለሰማሁ፣ ይህን ደብዳቤ ተረጋግተው፣ ቢቻል ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዲያነቡት በትሕትና እለምናለሁ። እኔ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ልብስ የምሰፋው ሴት፣ ደህና ነኝ። ደብዳቤውን በየሱቁ በር ላይ የለጠፍኩትም ልዳፈርዎ ብዬ ሳይሆን፣ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለች ስለምትመልሰኝ ነው።

ለማያውቁን አንባቢዎች ያህል፣ ልጄ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ገና ጡት ሳትጥል ባደረባት ሕመም ምክንያት መስማት አትችልም። በሰፈር የምትታወቀው ግን «ወሬኛዋ» በሚል ስም ነው፤ እጇ አያርፍማ! ጎረቤቶቼ ከእሷ ጋር ሰው ለማማት ሲሉ ብቻ የምልክት ቋንቋ ለምደዋል። ትምህርት ቤትዎ «የአካቶ ትምህርት ተምሳሌት» የሚል ሰሌዳ በበሩ ላይ ሲሰቅል፣ እሷንና እንደ እሷ መስማት የተሳናቸውን ሁለት ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር ሊያስተምር ነው ብዬ እጇን ይዤ አመጣኋት። ለእነሱ ተብሎ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ መምህር ሲቀጠርም እሰየው አልኩ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ አስተርጓሚው አመሰግናለሁ። ጠዋት ጠዋት በሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት ላይ ከጎንዎ ቆሞ ንግግርዎን ቃል ሳያስቀር በእጁ ሲያስተረጉም፣ ከስፌት መኪናዬ ሳልነሣ በአጥሩ ቀዳዳ አየዋለሁ፤ እውነትም ያምራል። ሦስቱ ልጆች ግን በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ተዘግቶባቸው ይቀመጣሉ፤ «ለማይሰሙት ነገር ለምን ፀሐይ ይመታቸዋል?» ብለው ያዘዙት ክቡርነትዎ ነዎት። ስለዚህ መምህሩ የሚያስተረጉመው ሁለት ሁለት ጆሮ ይዞ ለቆመ ሕዝብ ነው። ሥነ ሥርዓቱ አልቆ ትምህርት ሲጀመር ደግሞ፣ ከረባት ያምርበታልና፣ ወደ ቢሮዎ ተወስዶ እንግዳ ይቀበላል፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ልጄ ሒሳብ የምትማረው ፊቱን ወደ ሰሌዳ አዙሮ ከሚያወራ ሰው ጀርባ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ሽልማቱ። ባለፈው መንፈቀ ዓመት ልጄ «በክፍል ውስጥ በጸጥታዋ አርአያ የሆነች» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት የምስክር ወረቀት ተሸለመች። ሳነበው መጀመሪያ ሳቄ መጣ። በዚያው ሳምንት በቃል ጽሕፈት፣ መምህሩ እያነበበ ተማሪው በሚጽፈው ፈተና ማለቴ ነው፣ ዜሮ አገኘች፤ ከሥሩም «ወደፊት በጥሞና ማዳመጥ ይጠበቅባታል» የሚል ምክር ሰፍሮበታል። ምክሩን አድርሼላታለሁ።

ሦስተኛ፣ መስማት ለተሳናቸው ልጆች መርጃ ተብሎ በተሰጠ ገንዘብ ያንን ግዙፍ ድምፅ ማጉያ ስለገዙ። «ጮክ ካለ ትንሽ ትንሽ ይሰሙ ይሆናል» ብለው ለወላጆች ያስረዱበትን ስብሰባ እስክሞት አልረሳውም። ልጆቹ ባይሰሙትም እኔ እሰማዋለሁ፤ የመርፌ ሣጥኔ ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

አራተኛውን እንደ ሌሎቹ አሳጥሬ ማለፍ አልችልም፤ አንጀቴን ያሳረረው እሱ ነው። ዓርብ ዕለት ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ «ለልጅሽ ነጭ ቀሚስ ስፊላት፣ አበባ ታበረክታለች» የሚል ትእዛዝ በዘበኛው በኩል ደረሰኝ። ሰፋሁላት፤ ምን ላድርግ፣ ደስ ብሏት አደረች። እኔም ከወላጆች ጋር ቆሜ እያየሁ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ወጣች፤ ለመጀመሪያ ጊዜም አስተርጓሚው ከፊቷ ቆሞ የእርስዎን ንግግር በዓይኗ ሰማች። «እነዚህ ልጆቻችን አንድም የጎደለባቸው ነገር የለም፤ ከእኩዮቻቸው እኩል እየተማሩ ነው» አሉ። ልጄ አበባውን ወንበር ላይ አስቀመጠችና እጇን አወጣች። ማንም ዞር ብሎ ሳያያት ሲቀር በእጆቿ ጠየቀች። መምህሩም ሥራው ነውና፣ ማይክሮፎኑም ከአፉ ሥር ነበርና፣ ያየውን በድምፅ ተናገረው፦ «እኛ ትምህርት የምንጀምረው መቼ ነው?»

ያ ድምፅ ማጉያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተገዛላት ልጅ አገለገለ፤ ስለ ጥራቱ ምስክር ነኝ።

እንግዶቹ ጫማ ጫማቸውን አዩ። እርስዎም ድምፁ ይቆረጥ ብለው በእጅዎ ምልክት ሰጡ፤ የምልክት ቋንቋ ከባድ ነው እያሉ ስንት ጊዜ የነገሩን ሰው! ልጄን በክንዷ ይዘው ሲያወርዷት ዞር ብላ አንድ ነገር በእጇ ጨመረች፤ ይኸኛውን ግን መምህሩ እጁን ኪሱ ከትቶ ሳያስተረጉመው ቀረ። ምክትልዎ ከኋላዬ «ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል» ሲሉ ሰማኋቸው። ተረቱስ እውነት ነው፤ በዚያ ቀን ሰምቶ ያበደው ግን ልጄ አልነበረችም።

በማግስቱ «ለልጅቷ ሁኔታ የሚመጥን ቦታ እስኪገኝ ቤቷ ትቆይ» የሚል ውሳኔዎ ደረሰኝ። የሚመጥነው ቦታ የት እንደሆነ ጸሐፊዎን ብጠይቃት እሷም አታውቀውም። ልጄ ግን ቦታዋን ታውቀዋለች፤ በመስኮቱ በኩል፣ ከጎረቤታችን ከዳቦ ቤቷ ልጅ ጎን ነው። ልጄ ማባዛት የቻለችው፣ ያቺ የሰው ልጅ የሒሳብ መምህሩ ያለውን ከዴስክ ሥር በጣቶቿ እየነገረቻት ነው። በትምህርት ቤትዎ አካቶ ትምህርት የሚባል ነገር ያየሁት እዚያ ዴስክ ሥር ብቻ ነው፤ እሱንም ተደብቀው፣ እንዳይቆጡባቸው እየፈሩ። አሁን ወሬኛዬ ዩኒፎርሟን ለብሳ ጠዋት ጠዋት አጥሩ ሥር ትቆማለች። ቤት ስትገባ ጎረቤት ቢያዋራትም አትመልስም፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ትቀመጣለች። ይኸው ጸጥ አለች፣ ክቡርነትዎ፤ ለዚህኛውም ማኅተም ያለው ወረቀት ካለ ይላኩልን። ያስጠላሉ። ይቅርታ፣ ይህን በጨዋ ቋንቋ ለማለት ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ስለዚህ የፊታችን ሰኞ ልጄን ይዤ እመጣለሁ፤ እሷ ቦታዋ ላይ ትቀመጣለች፣ አስተርጓሚውም ከሰሌዳው ጎን ይቆማል። ዘበኛው በሩን ቢዘጋብን የስፌት መኪናዬን አምጥቼ በሩ ላይ እተክላለሁ፤ ለሚመጣ ለሚሄደው እንግዳ ሁሉ፣ ያቺ ነጭ ቀሚስ ለምን እንደተሰፋች እያጫወትኩ ሥራዬን እሠራለሁ።

ከመድረክ የማያወርድ፣ ከማይክሮፎን የማይለይ፣ ጥያቄ ከሚያነሣ ሕፃን ሁሉ የሚሰውር ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁልዎ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ዘወትር የማከብርዎ፣

የወሬኛዋ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጄ ከመድረክ ስትወርድ በመጨረሻ ምን እንዳለች መምህሩን ደጋግመው እንደጠየቁትና እሱም «አላየሁም» እንዳለዎት ሰምቻለሁ። መምህሩ ጨዋ ሰው ነው። የዳቦ ቤቷ ልጅ ግን አይታለች፤ እሷ ለክፍሏ አስተማረች፣ ክፍሉ ለትምህርት ቤቱ። ሰሞኑን በሰንደቅ ዓላማው ሰዓት ተማሪዎቹ በሙሉ ያንኑ ምልክት በእጃቸው ሲያሳዩዎት፣ እርስዎም ፈገግ ብለው እጅዎን እያወዛወዙ ሲመልሱላቸው በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። ሰላምታ አይደለም፣ ክቡርነትዎ።